ችግኞቻችን ለምን አጠሩ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

በዚህ ዙር የወሰዳችሁት የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ካለፈው አጠር ስላለባችሁ «ምነው ቀጨጨ?» ብላችሁ የጻፋችሁልን ጥቂት አይደላችሁም። አንድ ደንበኛችን እንዲያውም ችግኙን ከማስመሪያ አጠገብ አቁሞ ፎቶ ልኮልናል። አልቀጨጨም። አውቀን ነው ያሳጠርነው። አስቀድመን አለመንገራችን ግን የኛ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተክል ጠላት ሲመጣበት አይሮጥም፤ ያለው አማራጭ ቅጠሉን ለበላተኛው የማይመች ማድረግ ነው። ይህን የሚያዝዘው ጃስሞኔት የሚባል ሆርሞን ነው። በደህና ቀን የመከላከያ ጂኖቹ ጠፍተው ይቀመጣሉ፣ ምክንያቱም እነሱን የሚያበራው ሚክ2 የተባለ ፕሮቲን ጃዝ በሚባሉ ሌሎች ፕሮቲኖች ተይዟል (አዎ፣ ስሙ እንደ ሙዚቃው ነው)። አባጨጓሬ ቅጠሉን ሲቦጭቀው ጃስሞኔት በደቂቃዎች ውስጥ ይመረትና ጃዝን ሴሉ ውስጥ ወዳለው የፕሮቲን መፍጫ ያስልከዋል። ጃዝ ሲፈጭ ሚክ2 ይፈታል፣ ጂኖቹ ይበራሉ።

በወዲያኛው በኩል ደግሞ ጂበረሊን አለ፣ የማስረዘሚያው ሆርሞን። የተገኘው ከበሽታ ነው። የጃፓን ገበሬዎች «የሞኝ ችግኝ» የሚሉት የሩዝ በሽታ ነበር፤ ችግኙ ከጓደኞቹ በላይ ይመዘዝና ቀጥኖ ይወድቃል። ኤይቺ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1926 ይህን የሚያደርገው በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር መሆኑን አሳየ። ጂበረሊን የሚሠራው የእድገት ፍሬን የሆኑትን ዴላ የሚባሉ ፕሮቲኖች በማስፈጨት ነው።

አሁን ዋናው ነገር፦ ጃዝና ዴላ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ጃስሞኔት ጃዝን ሲያጠፋ ዴላ ነፃ ይወጣና እድገትን ይይዛል። ጂበረሊን ዴላን ሲያጠፋ ደግሞ ጃዝ እጁ ይፈታና ሚክ2ን ጠፍሮ ያስራል፣ መከላከያው ይላላል። መከላከያው በተፈታ ቁጥር እድገቱ ይታሰራል፣ እድገቱ በተፈታ ቁጥር መከላከያው ይታሰራል ማለት ነው።

እኛ ጋ የነበረው ችግር እዚህ ላይ ነው። ትሪው ላይ ችግኝ ሲጠቀጠቅ የጎረቤት ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጠዋል፣ ከቀይ ወዲያ ያለውን ግን ያሳልፈዋል። ሌላ ጊዜ ቁመትን የሚገታው ፋይቶክሮም ቢ የተባለ ብርሃን ለኪ ፕሮቲን በዚህ ጊዜ ሥራውን ሲያቆም «ጥላ ሊውጠኝ ነው» የሚል መልእክት ይደርሳል፤ ችግኙ ሩጫውን ወደ ላይ ያደርግና መከላከያውን ይቀንሳል። ያ ስታዩት ደስ ይላችሁ የነበረው ረጅም ችግኝ፣ እውነቱን እንናገርና፣ የደነገጠ ችግኝ ነበር።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» እንደሚባለው፣ ተክሉ ምግብ ስለማይበቃው ነው የሚመርጠው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አራቢዶፕሲስ በምትባል ትንሽ የቤተ ሙከራ ተክል ላይ አምስት የጃዝ ጂኖችንና የፋይቶክሮም ቢን ጂን ሲያሰናክሉ፣ ተክሏ አደገችም ተከላከለችም። ስለዚህ ምርጫው የባዶ ጎተራ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጂኖቹ ሽቦ አዘረጋግ ነው። ታዲያ ጉዳዩ እንዲህ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ቆይቶ አስር የጃዝ ጂኖች ሲሰናከሉ ተክሏ መከላከሉን ቻለችበት፣ እድገቷ ግን ተጎዳ፣ ዘሯም አነሰ።

እኛ ጂን አንነካም። ያደረግነው ሁለት ነገር ነው፦ ችግኞቹን አራርቀናል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ መዳፋችንን ጫፋቸው ላይ ቀስ አድርገን እናሳልፋለን። መነካካት ጃስሞኔትን ያነሳሳል፣ ተክሉም አጠር ደልደል ብሎ ይወጣል። (የቲማቲሙ ሽታ እጃችን ላይ ቀኑን ሙሉ አይለቅም።) ተባይ አይነካውም እያልን አይደለም፤ ክትትላችሁን አታቋርጡ። ከተከላችሁ በኋላም «አጥሯል» ብላችሁ ናይትሮጅን አትደፉበት፣ ግንዱን በሁለት ጣት ያዝ አድርጋችሁ ውፍረቱን እዩ እንጂ።

ረጅሙን ነው የምፈልገው የሚል ካለ እንደ ድሮው አጠጋግተን እናፈላለታለን። ዘር ከመዝራታችን በፊት ብቻ ይንገረን።

የችግኝ ጣቢያው ባልደረቦች