ለአባባ፣ ስለ ባህሩ ትልና ስለሚረጩት መድኃኒት

አባባ እንደምን ሰነበቱ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎት፣ እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ይሄን ወንድሜ ከስልኩ ላይ ቀስ ብሎ ያነብልዎታል። ያን ቀን "ባህር ዳር ድረስ ሄደሽ ስለ ትል ነው እንዴ የምትማሪው" ሲሉኝ ኔትወርኩ ተቆራርጦ ሳልመልስልዎት ቀረሁ። አዎ አባባ ስለ ትል ነው፣ ግን ነገሩ እርስዎ ጋ ይደርሳል።

ጃፓን አገር ዓሣ አጥማጆች መንጠቆ ላይ የሚሰኩት የባህር ትል አለ፣ የሞተው ትል ላይ ያረፈች ዝንብ ትሞታለች። ኒታ የሚባል ተመራማሪ በ1934 እ.ኤ.አ. መርዙን ለይቶ አወጣው፣ ኔሬስቶክሲን ይባላል። ከምን ከምን እንደተሠራ የታወቀው ግን በ1962 ነው፣ ሲታወቅ ደግሞ በጣም ትንሽዬ ነገር ሆና ተገኘች፣ 5 ካርቦን፣ 11 ሃይድሮጅን፣ 1 ናይትሮጅንና 2 ሰልፈር፣ በቃ። ሁለቱ ሰልፈሮች ተያይዘው ከ3 ካርቦን ጋር ቀለበት ይሠራሉ፣ ናይትሮጅኑ ቀለበቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ይቺን የምታህል ነገር ነርቭ ታስራለች፣ እኔ እስካሁን ይደንቀኛል።

ነርቭ መልእክት የሚያቀብለው አሴቲልኮሊን በሚባል ነገር ነው። እኛ አገር ሰው ከጉብታ ጉብታ እንደሚጣራው ማለት ነው፣ አንዱ ይጮኻል ማዶ ያለው ሰምቶ ያሳልፋል። የትሉ መርዝ የሰሚውን ጆሮ ይደፍነዋል፣ ተባዩ ይሽመደመዳል፣ መብላት ያቆማል፣ ይሞታል። ታኬዳ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ከዚህ ተነስቶ በ1967 ካርታፕ የሚባል ፀረ ተባይ አወጣ፣ እንደ አገዳ ቆርቁር የሩዝ አገዳ ውስጥ የሚገባውን ትል የሚገድል፣ ተባዩ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ተመልሶ ኔሬስቶክሲን ይሆናል።

እርስዎ የሚረጩት ማላታይን ደሞ ጆሮ አይደፍንም፣ ጩኸቱ እንዳያቆም ነው የሚያደርገው፣ አሴቲልኮሊኑን ሥራውን ሲጨርስ የሚሰባብረውን ኢንዛይም ያስረዋል። መንገዳቸው ይለያያል እንጂ ሁለቱም የሚነኩት አንድ ቦታ ነው፣ እሱ ደግሞ እኛም ውስጥ አለ አባባ፣ ጡንቻችን የሚታዘዘው በሱ ነው፣ የምንተነፍስበትም ጭምር። የተባይና የሰው ሰውነት ስለሚለያይ አንዳንዱ መድኃኒት እነሱን ገድሎ እኛን ይምራል፣ ምሕረቱ ግን በመጠኑ ነው።

እማ ነገረችኝ፣ ረጭተው የመጡ ማታ ራስዎን አዙሮዎት ዓይንዎ እያነባ አፍዎ ምራቅ በምራቅ ሆኖ ነበር አለች፣ እርስዎ ግን ፀሐይ ነው አሉ። አባባ ፀሐይ ምራቅ አያበዛም፣ አፍ ያደርቃል እንጂ። ያ የጀርባ መርጫ በክዳኑ ያፈሳል፣ ሸሚዝዎ ከትከሻዎ እስከ ወገብዎ ሲርስ በዓይኔ አይቻለሁ፣ መርዙ ደግሞ በቆዳ ይገባል።

የክዳኑን ጎማና ጓንት ገዝቼ በመኪና እልካለሁ፣ እስኪደርስ በእናቴ ይሁንብዎ አይርጩ። ሲረጩም ነፋሱን በጀርባዎ ያድርጉት፣ እጅዎን ሳይታጠቡ እንጀራ አይንኩ፣ እማም ባዶውን ጠርሙስ ዘይት እንዳትጨምርበት፣ ትቅበረው እንዳልል መርዙ ውሃው ውስጥ እንዳይገባ እሰጋለሁ፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥና ለግብርና ባለሙያው ይሰጥ። ዳግመኛ ካዞርዎት ልብስዎን አውልቀው በሳሙና ይታጠቡና ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፣ የረጩበትን ጠርሙስ ይዘው፣ ለማላታይን አትሮፒን የሚባል መርፌ አለ፣ ምን እንደነካዎት ካዩ ቶሎ ይሰጡዎታል።

ወንድሜ አንብቦ ሲጨርስ ይደውልልኝ፣ እሺ ማለትዎን ከራስዎ አፍ ልስማ።

ልጅዎ