ልጆችሽን ይዘሽ ግቢ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ባለፈው በስልክ ስናወራ «እማዬ፣ ልጆቹ ከፍ እስኪሉ እኔና አባታቸው ተራ በተራ ቤተ ክርስቲያን ብንሄድ ይሻላል» ያልሽኝ ከሐሳቤ አልወጣም። ድካምሽ ይገባኛል። አንዱን ስታባብዪ ሌላዋ ወንበር ስር ትገባለች። ስብከቱ የት እንደደረሰ ሳታውቂው ፕሮግራሙ ያልቃል። ቢሆንም እባክሽ፣ ቤት አታስቀሪያቸው።

«ምንም አይገባቸውም እኮ» ብለሻል። ስብከቱ ላይገባቸው ይችላል። አንቺን ግን ያዩሻል። ስትዘምሪ አፍ አፍሽን ያያሉ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትጸልዪ ትንሿ ቀሚስሽን ይዛ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ፊትሽን ታጠናለች። እንባሽ ከወረደ ወዲያው «እማ፣ ማን መታሽ?» ትልሻለች። ያን ጊዜ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብለሽ የምትነግሪያት አንድ ዓረፍተ ነገር ዕድሜ ልኳን አብሯት ይኖራል። ልጁም አባቱ ሲንበረከክ ሲያይ፣ ከአባቱ በላይ ጌታ እንዳለ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ደግሞ ይህ የእኔ የአሮጊቷ ሐሳብ ብቻ አይደለም። ዘዳግም 31፡12ን ግለጪ። ሕጉ ሲነበብ ወንዶቹም፣ ሴቶቹም፣ ልጆቹም፣ መጻተኞቹም ይሰብሰቡ ይላል። ኢዩኤል 2፡16 ለጾም ጉባኤ ጡት የሚጠቡትን ሳይቀር ይጠራል። ጡት የሚጠባ ልጅ የጾም አዋጅ ምን ይገባዋል? ቢሆንም ተጠርቷል። ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ምዕራፍ 6 ላይ «ልጆች ሆይ» ብሎ ራሳቸውን ያናግራቸዋል። መልእክቱ በጉባኤ ሲነበብ እዚያው ሆነው እንደሚሰሙ አስቦ ነው።

የልጆች ክፍልን አልቃወምም። የሚያስተምሩትን እግዚአብሔር ይባርካቸው። ነገር ግን ሮበርት ሬይክስ እ.ኤ.አ. በ1780 በእንግሊዝ አገር፣ ግሎስተር ከተማ የሰንበት ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲሠሩ የሚከርሙ የድሃ ልጆችን ማንበብና ሃይማኖታቸውን ለማስተማር ነበር። ከትምህርቱም በኋላ ልጆቹ ወደ አምልኮ ይወሰዱ ነበር። አንዱ የሌላው ምትክ አልነበረም። አንቺም ሁለቱንም አድርጊ። መዝሙሩንና ጸሎቱን ካንቺ ጋር ይሁኑ፣ ስብከቱ ሲጀመር ወደ ክፍላቸው ይሂዱ። ትልቁ እየቻለ ሲመጣ ትንሽ ትንሽ አስቆዪው።

ከኋላ አትቀመጪ። ኋላ የተቀመጠ ልጅ የሚያየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው፤ የሚረብሸውም ሰልችቶት ነው። ፊት ለፊት ሲሆን ዘማሪዎቹን ያያል፣ ሰባኪውን ያያል፣ ጥምቀት ካለ ውኃውን ያያል። ቅዳሜ ማታ በጊዜ አስተኚያቸው። ከመግባታችሁ በፊት ሽንት ቤት ውሰጃቸው። የሚዘመረውን መዝሙር ካወቅሽ ቤት አለማምጃቸው፤ የሚያውቁት ሲመጣ ደስታቸውን ታያለሽ። ስልክ ግን አትስጪያቸው። ስልክ የያዘ ልጅ ዝም ይላል እንጂ እዚያ የለም።

ሲያለቅሱ ይዘሽ ውጪ። ሌላውም ሰው ለመስማት ነው የመጣው፣ ይህን ማሰብ ደግ ነው። ሲረጋጉ ግን ተመለሺ። ብዙ እናቶች አንዴ ከወጡ አፍረው በዚያው ይቀራሉ።

አደራ የምልሽ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ውስጥ አትቆንጥጫቸው፣ በጥርስሽም አታስፈራሪያቸው። «ዝም ካላላችሁ እግዚአብሔር ይቀጣችኋል» የሚባለውንም ተዪ። ልጅ የእግዚአብሔርን ቤት ከቁጣ ጋር ካያያዘው በኋላ ማላቀቁ ከባድ ነው። ዞር ብሎ የሚገላምጥሽ ሰው አይጠፋም። ደቀ መዛሙርቱም ሕፃናት ያመጡትን ሰዎች ገሥጸው ነበር፤ ማርቆስ 10 ላይ ጌታ የተቆጣው ግን በደቀ መዛሙርቱ ነው፣ ልጆቹንማ አቅፎ ባረካቸው። ስለዚህ አንገትሽን አትድፊ።

ለመጪው እሁድ ትንሿን እኔ እይዝልሻለሁ። ቀደም ብዬ ገብቼ ከፊት፣ በመተላለፊያው በኩል ቦታ እይዛለሁ፤ መውጣት ቢያስፈልግ ሰው ሳናስነሣ እንድንወጣ። አንቺ ትልቁንና አባቱን ይዘሽ ነይ።

የምትወድሽ እናትሽ