ማፈግፈግ አልነበረም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ሠዓሊያን ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ እነ ዴቪድ ፓርክ ከረቂቅ ሥዕል (የሚታወቅ ነገር ሳያሳይ በቀለምና በቅርጽ ብቻ ከሚሠራ ሥዕል) ወደ ሰው ምስል መመለሳቸው «ማፈግፈግ» ተብሏል። አልስማማም።

ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1949 ገደማ ረቂቅ ሥዕሎቹን በርክሌይ ከተማ ወደሚገኝ ቆሻሻ መጣያ ወስዶ መጣሉ እውነት ነው። የጣለው ግን ሸራውን እንጂ የተማረውን አይደለም። ከእነዚሁ ሠዓሊያን የአንዱን፣ የሪቻርድ ዲበንኮርንን፣ የ1958 ሥራ፣ «ሴት በበረንዳ»ን፣ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። የሴትዮዋ ፊት በጥቂት የብሩሽ ምት ታልፏል፤ ከጀርባዋ ያለው መልክዓ ምድር አግድም የተነባበረ ሰፋፊ የቀለም ቅብ ነው። እሷን ብናነሣት የሚቀረው ረቂቅ ሥዕል ነው። ለነገሩ ዲበንኮርን በ1967 ወደ ረቂቁ መመለሱንስ ምን ልንለው ነው? ሁለተኛ ማፈግፈግ?

ጽሑፉን ያጀበው ምስል በጥቁርና ነጭ መታተሙም አንባቢን አሳስቷል፤ የእነዚህ ሰዎች ሥራ ያለ ቀለም አይነበብም። በሚቀጥለው እትም ዲበንኮርን በርክሌይ ሳለ ከሠራቸው ረቂቅ ሥዕሎች አንዱንና ይህችኑ ሴት ጎን ለጎን፣ በቀለም፣ ከነመጠናቸው ብታትሙልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ