ሜክሲኮ ስለምንከርመው ሰዎች ለተጻፈው ደብዳቤ መልስ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ያወጣችሁትን የአንባቢ ደብዳቤ አነበብኩት፣ ጡረታ የወጡ ሀበሾች በረዶ ሲመጣ ሜክሲኮ ባህር ዳርቻ ሄደው ይንጋለላሉ፣ ያን ገንዘብ ይዘው አገራቸው ቢገቡ ስንቱን ይረዱበት ነበር የሚለውን ማለቴ ነው። ጸሐፊውን አልተቀየምኳቸውም፣ ግን ተንጋለሉ ከተባሉት አንዷ እኔ ስለሆንኩ ዝም ማለት አቃተኝ። ከረዘመባችሁ ቁረጡት፣ ወደ መጨረሻ ያለውን የጡረታ ነገር ግን አደራ እንዳትነኩብኝ።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ካናዳ ኤድመንተን ነው። ጃንዋሪ ላይ ከዜሮ በታች 30 ሲገባ ምን እንደሚመስል እዛ ላልኖረ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፣ አስፋልቱ በረዶ ይጋግርና ሽማግሌ የሚራመድበት አይሆንም፣ የወደቀው ወገቡን ይዞ ሆስፒታል ነው ያልወደቀውም ቤቱን ዘግቶ ከሶፋ ወደ አልጋ ከአልጋ ወደ ሶፋ ነው እስከ ኤፕሪል። አዲስ አበባ ለምን አይሄዱም ላሉት እንሄዳለን እኮ፣ ግን እውነቱን እናውራ ከተባለ አዲስ አበባ መሄድ እረፍት ሳይሆን ስራ ነው፣ ለቅሶ አለ ሰርግ አለ ሳይጠየቅ የከረመ ዘመድ አለ፣ ደሞ ባዶ እጅ አይኬድም። ከፍታውም ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ለባለቤቴ ልብ አልተስማማውም፣ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። ሜላኬ ላይ ግን ጠዋት ተነስቶ አሸዋው ላይ ሰዓት ሙሉ ይራመዳል።

ሜላኬ የምላት ሀሊስኮ በሚባለው ክፍለ ሀገር ፓሲፊክ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ካንኩን ምናምን እያላችሁ የምታውቁት በሌላው ባህር በኩል ነው፣ ከኛጋ አይገናኝም። ከሷ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብላ ባራ ዴ ናቪዳድ የምትባል አለች፣ በ1564 ኖቬምበር ላይ ሌጋስፒ የሚባለው የስፔን ሰው መርከቦቹን ይዞ ወደ ፊሊፒንስ የተነሳው ከዛ ነው። ከዛ በኋላ ከማኒላ በተመላለሱት መርከቦች የመጡ ፊሊፒኖች ከኮኮናት ዛፍ የሚቀዳ ቱባ የሚባል መጠጥ አስተምረዋቸው ይኸው እስከ ዛሬ ሻጩ ቅሉን ትከሻው ላይ አድርጎ እየዞረ ለውዝ ጣል እያረገ ይሸጠዋል። ባራ ያለው ቤተክርስቲያን ውስጥ ደሞ ሁለት እጁ ወደ ታች የወረደ ስቅለት አለ፣ በ1971 ሊሊ የሚባል አውሎ ነፋስ ከተማዋን ሲመታት እጆቹ ከመስቀሉ ወረዱ ማዕበሉም ጸጥ አለ ይላሉ፣ እንደ ወረዱ ነው የተዋቸው። እኔ ስሳለም ሴቶቹ ገርሟቸው ያዩኛል፣ እናንተም ክርስቲያን ናችሁ እንዴ ነው ነገሩ።

መንጋለል ለተባለው፣ እንዴት እንደምንውል ልንገራችሁ። ጠዋት የሚቀሰቅሰን ዶሮ ነው፣ ከዛ ሞተር ያላቸው የአሳ አጥማጅ ጀልባዎች፣ ፓንጋ ነው የሚሏቸው፣ ሲገቡ ፔሊካኖቹ ይከቧቸዋል። ባለቤቴ ከነሱ አሳ ገዝቶ ሲመጣ እኔ ቶርቲያ የሚሉት የበቆሎ ቂጣ የሚሸጥበት ቤት ሰልፍ ላይ ነኝ፣ በኪሎ ተመዝኖ ትኩሱን በወረቀት ጠቅልለው ይሰጡሻል፣ ሰልፉ ላይ ሁሉም ሰው ለሁሉም ሰው ደህና አደርክ ይላል። ምግብ ቤትም ገብቶ የማያውቀውን ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ መልካም ምግብ ይሁንልህ ሳይል የሚያልፍ የለም፣ ካናዳ ስንት ዓመት ኖሬ ጎረቤቴ ቀና ብሎ አይቶኝ አያውቅም። የቧንቧውን ውሃ አንጠጣም፣ ሀያ ሊትር የሚይዝ ጋራፎን በመኪና እየዞሩ ይሸጣሉ፣ ጋዙም በመኪና ነው እየጮኸ የሚያልፈው፣ የጋዙን ጩኸት ከእንቅልፌ ሆኜ ለይቼ ካልሮጥኩ ወጥ ሳይሰራ መዋሉ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ገበያ ይቆማል፣ ቲያንጊስ ይሉታል፣ ሸራ ወጥረው ከብርቱካን እስከ ካልሲ። ጫማ ከማድረጋችን በፊት እናራግፋለን ጊንጥ አለ። አመሻሽ ላይ ደሞ አይን የማይሞላ የአሸዋ ትንኝ አለች እግር ታነዳለች፣ ሰው ጀምበር ስትጠልቅ ፎቶ ሲያነሳ እኔ ቤት ገብቼ በር ዘግቼ ነው።

ለቀላል ነገር ከፋርማሲው ጎን ሀኪም ተቀምጦ ይጠብቅሻል፣ ቀጠሮ የለ ምን የለ፣ በጥቂት ፔሶ አይቶሽ መድኃኒቱን እዛው ገዝተሽ ትወጫለሽ። ለከባዱ ግን ሌላ ነው እመጣበታለሁ።

ጾሙን እንዴት ታደርጉታላችሁ የሚሉኝ አሉ። ከካናዳ ይልቅ ይቀላል። ባቄላው አለ አቮካዶው አለ፣ ቁልቋል አለ፣ እኛ ፍሬውን በልተን ቅጠሉን ለከብት የምንተወውን እነሱ እሾሁን ልጠው ከትፈው ጠብሰው ይበሉታል፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ሲሰራ በጣም ይጥማል። ችግሩ የአሳማ ስብ ነው፣ ማንቴካ ይሉታል፣ ባቄላው ውስጥ ሳይቀር ይገባል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የተማርኩት ስፓኒሽ ሲን ማንቴካ ነው፣ ያለ ስብ ማለት፣ ሲን ኬሶ ሲን ክሬማ፣ ያለ አይብ ያለ ክሬም፣ ተከተለ፣ አሁን የሰፈሩ ሴቶች ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ሲን ማንቴካ ብለው ይስቃሉ። እንጀራ የለም፣ ድርቆሽ ይዤ ነው የምሄደው። ከበቆሎ ሊጥ የሚብላላ ቴኹይኖ የሚባል መጠጥ አላቸው፣ ሎሚና ጨው ጨምረው ነው የሚሰጡሽ፣ ባህር ተሻግሮ የመጣ ቦርዴ በሉት።

ገና ላይ ያለውን ደሞ ስሙኝ። እነሱ ጃንዋሪ 6 ቀን የሰብአ ሰገልን በዓል ያከብራሉ፣ ሮስካ የሚባል ክብ ዳቦ አለ፣ ውስጡ ትንሽ አሻንጉሊት ይደብቃሉ። ጎረቤታችን ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ መምህርት የነበሩ፣ ማታ ሮስካቸውን ይዘው መጡ፣ ለእኛ ገሀድ ነው፣ ቅቤና እንቁላል ያለበት ዳቦ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እያየነው አልበላንም፣ በምልክትም በስልክ ትርጉምም አስረዳኋቸው፣ ነገ ነገ እያልኩ። በነጋታው የኛ ገና ሆነ፣ ቡና ቆላሁ፣ ዕጣን ስላልነበረኝ ኮፓል የሚሉትን ከገበያ ገዝቼ አጨስኩ፣ እሳቸውን ጠራናቸው፣ ዳቦው ሲቆረስ አሻንጉሊቷ ለባለቤቴ አትወጣም መሰላችሁ! አሻንጉሊት የደረሰው ሰው ፌብሯሪ 2 ላይ ታማሌስ የሚሉትን ተጠቅልሎ የሚበስል የበቆሎ ሊጥ ያበላል፣ ባለቤቴ የሰፈሩን ሰው ሁሉ አበላ፣ ከዛ ወዲህ ስሙን በትክክል ይጠሩታል።

እኚሁ ሴትዮ መጀመሪያ ከየት ናችሁ ብለው ኢትዮጵያ ስንላቸው ሜትሮው? አሉን። ሜክሲኮ ሲቲ ሲያስተምሩ ኢትዮጵያ በሚባል ባቡር ጣቢያ ይወርዱ ነበር ለካ፣ ሶስተኛው መስመር ላይ ነው። ጃንሆይ በ1954 ሜክሲኮን ሲጎበኙ እዛ አካባቢ ያለ አደባባይ በአገራችን ስም ተሰየመ፣ እኛም ሜክሲኮ አደባባያችንን አገኘን፣ ጣሊያን በ1935 ሲወረን ሜክሲኮ ወረራውን ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። ታክሲ ላይ ሜክሲኮ ሜክሲኮ እያለ የሚጮኽ ረዳት በስልኬ ቪዲዮ ፈልጌ አሳየኋቸው፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

አሁን ወደ ቁምነገሩ። ጸሐፊው አገራችሁን ረሳችሁ አሉን እንጂ ቢያነሱት የምስማማበት ሌላ ነገር ነበር። ሜላኬ ውስጥ ዲያስፖራዎቹ እኛ ነን። አዲስ አበባ ለገና ዲያስፖራ ይመጣል ሲባል የቤት ኪራዩ የመኪና ኪራዩ ምን እንደሚሆን፣ ሰውም ምን እያለ እንደሚያማን ሁላችንም እናውቃለን። እዛም እንደዛው ነው። በ2025 የሜክሲኮ ዝቅተኛ ደሞዝ በቀን 278.80 ፔሶ ነበር፣ ወደ ካናዳ ሲመነዘር ሀያ ዶላር ገደማ ይሆናል፣ እኛ ሁለት ቡናና ሁለት ኬክ የምንከፍለው ነው። ቁርስ የምንበላበት ቤት የምትሰራ ልጅ ዓመቱን ሙሉ የምትኖርበትን ቤት ኖቬምበር ሲመጣ ልቀቂ ተባለች፣ አከራይዋ ለካናዳውያን በወር በዶላር ሊያከራየው ነው፣ ልጇን ይዛ ሌላ ከተማ ገብታ በአውቶቡስ እየተመላለሰች ለነዚሁ ካናዳውያን እንቁላል ትጠብሳለች። ጁላይ 2025 ላይ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በዚሁ የኪራይ ጉዳይ ሰልፍ ወጥቶ ነበር፣ አልፈረድኩባቸውም።

ስለዚህ እኛ ቤት ያደረግነው ነገር ቢኖር ሙሉ ቤት አንይዝም፣ ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ ፎቁ ላይ ያለችውን ክፍል ነው የምንከራየው፣ በፔሶ። ገበያ ላይ አሮጊት ሴት ለምትሸጠው አስር ፔሶ ሎሚ እኔ አልከራከርም፣ አንዳንዱ ካናዳዊ በዚህ ሲከራከር ሳይ እኔ አፍራለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ዝም ብሎ ይከራከራል፣ ልማድ ነው መርካቶ ያደገ ሰው፣ ከዛ የተቀነሰለትን መልሶ ይሰጣል።

መሬት እንግዛ የምትሉም አላችሁ ሰምቻለሁ። የሜክሲኮ ህገ መንግስት የውጭ ዜጋ ከባህር ዳር 50 ኪሎ ሜትር ውስጥ መሬት በስሙ እንዲይዝ አይፈቅድም፣ የሚቻለው በባንክ በኩል ፊዴኮሚሶ በሚባል ውል ነው። ደሞ ኤሂዶ የሚባል የገበሬ የጋራ መሬት አለ፣ ርካሽ ነው ተብሎ ወረቀት እያሳዩ የሚሸጡላችሁ እሱን ነው፣ ወደ ግል ይዞታ በህግ ካልዞረ ገዝታችሁም የናንተ አይሆንም። ሰላሙስ ለምትሉ፣ ሀሊስኮ ውስጥ ትልቅ የዕፅ ቡድን እንዳለ የታወቀ ነው፣ ማታ ከከተማ ከተማ አንነዳም፣ ከመነሳታችን በፊት የመንግስትን የጉዞ ማሳሰቢያ እናያለን።

የጡረታው ነገር፣ ይሄንን እንዳትቆርጡ ያልኳችሁ ብዙዎቻችን ካናዳ የገባነው ጎልማሳ ሆነን ስለሆነ ነው። ከ18 ዓመታችሁ በኋላ ካናዳ ሀያ ዓመት ካልሞላችሁ ከአገር ውጪ ስድስት ወር ካለፋችሁ ኦኤኤስ የሚባለው የመንግስት የእርጅና ጡረታ ይቆማል። ጂአይኤስ የሚባለው ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው ተጨማሪው ደግሞ ስንት ዓመት ብትኖሩም ከስድስት ወር በላይ ከወጣችሁ ይቋረጣል። ሜክሲኮ የምትሰጠው ከፍተኛው 180 ቀን ነው፣ እሱንም ኤርፖርት ላይ ያለው ሰውዬ ነው የሚወስነው ቀንሶ ሊጽፍላችሁ ይችላል ማህተሙን እዛው ቆማችሁ እዩት። የካናዳ ዜጋ ያልሆናችሁ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ፒአር የሚባለው የካናዳ ቋሚ ነዋሪነት ካርድ ካላችሁ የሜክሲኮ ቪዛ አትጠየቁም፣ ግን በአሜሪካ የሚያልፍ ቲኬት ከቆረጣችሁ የአሜሪካ ቪዛ ትጠየቃላችሁ፣ በቀጥታ የሚሄደውን ፈልጉ። ከሁሉም በላይ ኢንሹራንስ፣ የክፍለ ሀገራችን የአልበርታ ጤና መድን ውጪ አገር ሆስፒታል ብትተኙ የሚከፍለው በቀን 100 ዶላር ብቻ ነው፣ የግል ሆስፒታሉ ሂሳብ ደሞ ሌላ ነው። ልብና ስኳር ያለባችሁ ፎርሙ ላይ አትደብቁ፣ ከደበቃችሁ አይከፍሉም።

ማርች 17 ላይ የቅዱስ ፓትሪክ በዓላቸው ነው፣ አደባባዩ ላይ ርችት የተጠመጠመበት ማማ ያቆማሉ፣ አንዱ ጎረምሳ ደግሞ ርችት የታሰረበት የበሬ ቅርጽ ተሸክሞ ሰው መሃል ይሮጣል፣ ሁሌም ሁዳዴ ላይ ስለሚውልብን ከሩቅ እያየን ነው የምናሳልፈው። እሱ ካለፈ በኋላ እቃችንን መሸከፍ እንጀምራለን።

ጸሐፊው በዚህ ጥር አዲስ አበባ የሚገቡ ከሆነ አዘጋጁ ስልኬን እባካችሁ ስጧቸው። ለእህቴ የምልካት የደም ግፊት መድኃኒትና ሁለት ጫማ አለችኝ፣ 23 ኪሎው ካልሞላባቸው።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከኤድመንተን