ለኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች፦ የጋራ ጥናት ስለ መጀመር

ለመውጫ ፈተናው የምናደርገው የጋራ ጥናት የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ጀምሮ በዋናው ቤተ መጻሕፍት የቡድን ጥናት ክፍል ይጀመራል። ለማለፍ ቢያንስ 50 ከመቶ ማምጣት ግድ በመሆኑ፣ ብዙዎቻችን ከምንቸገርበት ከሥራ መጠን ልኬት እንድንነሳ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ የአንድ መኖሪያ ቤት ፕላን ይዘን የመሠረት ቁፋሮውንና የብሎኬት ግድግዳውን በቴክ ኦፍ ሺት (የሥራ መጠን ልኬት መመዝገቢያ ቅጽ) ላይ የምንሠራ ሲሆን፣ የበርና የመስኮት ክፍተቶችን ከግድግዳው ስፋት መቀነስ ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ እዚያ ላይ ረዘም ብለን እንቆያለን። የውል አስተዳደር በአብዛኛው ንባብ ነውና እያንዳንዳችን በግል ልንሸፍነው እንችላለን።

ካልኩሌተር፣ ስኬል ሩለርና ባዶ የቴክ ኦፍ ቅጽ ይዛችሁ እንድትመጡ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ጥናት በክሪቲካል ፓዝ (የፕሮጀክቱን ማጠናቀቂያ ጊዜ የሚወስኑ ተከታታይ ሥራዎች) ስሌት ወይስ በነጠላ ዋጋ (የአንድ መለኪያ ሥራ ዋጋ) ትንተና ላይ ይሁን የሚለውን ምርጫችሁንም ከመገኘት አለመገኘታችሁ ጋር እስከ ሐሙስ ማታ በዚሁ ግሩፕ እንድታሳውቁ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የክፍል ተጠሪ