መጀመሪያ በአማርኛ ይነገር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። በጎንደር የጤና ተማሪዎችን የማስተምር ሰው ነኝ። የምጽፍላችሁ ተማሪዎቻችንና ወጣት መምህራን ለምርምር ጉባኤ ስለሚልኩት አጭር ጽሑፍ፣ አብስትራክት ስለምንለው ነው። ነገሩ የግቢ ጉዳይ ብቻ ይመስል ይሆናል። ሐኪም እንዴት እንደሚማር አጥንተን በደንብ ካልተናገርን ግን ጉዳቱ ታማሚው ዘንድ ይደርሳል።

ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት መምህርት ልትልክ ያዘጋጀችውን ጽሑፍ እንዳየው ሰጠችኝ። የተፈቀደላት 250 ቃል ነው። ከግማሽ በላዩ የሕክምና ትምህርት በዓለም ላይ ስላለው ጠቀሜታ ያትታል። የራሷ ሥራ በሁለት መስመር አልፏል። ውጤቱ ላይ ሲደርስ፣ ሥልጠናው ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል፣ ዝርዝሩ በጉባኤው ይቀርባል ይላል፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ።

ወረቀቱን አስቀምጬ፣ «እስቲ የሠራሽውን በአማርኛ አጫውችኝ» አልኳት።

ሻይ እየጠጣን ነገረችኝ። ተማሪዎቿ ታማሚዎች የተኙበት ክፍል ገብተው ሂስትሪ ሲወስዱ፣ ማለትም ታማሚውን ስለ ሕመሙ ሲጠይቁ፣ የጥያቄያቸው ግማሽ እንግሊዝኛ ነው። ከደምቢያ የመጡ አንድ እናት «ኮንስቲፔሽን አለ?» (የሆድ ድርቀት ማለት ነው) ሲባሉ፣ ሐኪም ፊት አልገባኝም ማለት ከብዷቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ተማሪውም «አለ» ብሎ ይጽፋል። እሷ ታዲያ ወደ ታማሚው ከመቅረባቸው በፊት ጥያቄውን እርስ በርስ በአማርኛ እንዲለማመዱት አደረገች፤ ውጋት፣ ቁርጠት፣ ቁርጥማት፣ የሆድ ድርቀት እያሉ። «ጠበል ገብተው ነበር?» የሚለውንም ጨመረችበት፤ በአክብሮት፣ ወቀሳ ሳይኖርበት። አንድ የቲቢ ታማሚ ጠበል በገቡ ጊዜ መድኃኒታቸውን እንዳቋረጡ የተናገሩት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቃቸውም። ከልምምዱ በፊትና በኋላ ስንቱ ተማሪ ምኑን እንደጠየቀ በደብተሯ ቆጥራ ይዛለች። ቁጥሩ የእሷ ስለሆነ እዚህ አላወጣውም።

ከዚህ ሁሉ አንዱም አብስትራክቱ ላይ አልነበረም። ገምጋሚው ደግሞ ከዚያች ወረቀት በቀር የሚያየው የለውም።

ዶናልድ ኪርክፓትሪክ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1959 የሥልጠናን ፋይዳ በአራት ደረጃ ከፍሎ ነበር፦ ሠልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረ ወይ፣ አሠራሩ ተለወጠ ወይ፣ ከዚያስ ምን ለውጥ መጣ። የማያቸው አብዛኞቹ አብስትራክቶች «ተማሪዎቹ ረክተዋል» ብለው መጀመሪያው ላይ ይቆማሉ። የእሷ ሥራ ሦስተኛው ላይ ደርሶ ሳለ አልተናገረችውም።

አልፈርድባትም። እኔም በወጣትነቴ የላክሁት ተመልሶብኛል። እንግሊዝኛዬ ነው ብዬ ሰዋስው ሳርም ከረምኩ፤ የጎደለው ግን ያገኘሁት ውጤት ነበር።

የሚያሳዝነኝ ጎንደር ስለዚህ ጉዳይ ብዙ የምትናገረው ያላት ከተማ መሆኗ ነው። ወባ ደምቢያን ከፈጀች በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን አብሮ እያሠለጠነ ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ዛሬ ሌላው ዓለም በአንድነት መማር እያለ የሚያስተምረውን እኛ ቀድመን ኖረንበታል። በዚያ ያለፉ መምህራን ቡና ላይ የሚያወሩት ብዙ ነው፤ የተጻፈው ጥቂት። አንዳንዶቹ የሚያውቁትን ይዘው አርፈዋል።

ስለዚህ የትምህርት ክፍሎችን የምለምነው፣ ጽሑፍ ከሚላክበት ቀን በፊት አንድ ከሰዓት ይስጡ። አጥኚው ከሌላ ክፍል ለመጣ ባልደረባው ሥራውን በአማርኛ ይንገረው። ሰሚውም ማን ላይ ተሠራ፣ ምን ተደረገ፣ ምን ተገኘ የሚለውን ይጻፍ። ያልሰማው ነገር ካለ እሱ ገና አልተነገረም። እንግሊዝኛው ከዚያ ይምጣ። ጉባኤ አዘጋጆችም አማርኛውን አብረው ቢያትሙ ጥናቱ የተሠራበት ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ታነበዋለች።

መምህርቷ ጽሑፏን እንደገና ጽፋ ልካለች። ስለ ዓለም የነበረው ወደ አንድ መስመር አጥሯል። ጠበሉም ገብቷል፤ ለውጭ አንባቢ ምን እንደሆነ በስድስት ቃል አስረድታ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጤና ሳይንስ መምህር፣ ከጎንደር