የቪክቶርን ንስሐ ለምን ማንም አይጠይቅም?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

«ፍራንከንስታይን» ስለተባለው ልብ ወለድ አንባቢያን የላኩላችሁን አስተያየቶች አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ደስ ብሎኛል። አስፈሪ ልብ ወለድ በጋዜጦቻችን ላይ እንዲህ በቁም ነገር ሲያከራክር ብዙም አላየሁም። ግን እውነቱን ልናገር፣ አንዳንዱ አስተያየት አናዶኛል። ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጸሐፊዎቹ ሁለት ቦታ ተከፍለዋል። አንዱ ወገን ተማሪው ቪክቶር ፍራንከንስታይን በገዛ እጁ የሠራው ፍጡር ከመጀመሪያውም ክፉ ነበር፣ መልኩም ያሳብቅበታል፣ ሕጻን ለገደለ ደግሞ ምሕረት የለም ይላል። ሌላው ወገን ያሳዝናል፣ ሰው ነው ያበላሸው፣ ይቅር ሊባል ይገባል ይላል። ልብ በሉ፣ ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ፍጡሩ ብቻ ነው። ይዳን ወይስ አይዳን? ስለፈጠረው ሰውዬ፣ ስለ ቪክቶር ፍራንከንስታይን ንስሐ ግን አንድም ሰው አልጠየቀም። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንነጋገር። ከጻፉት መሃል ጥቂት የማይባሉት መጽሐፉን አላነበቡትም፣ ፊልሙን ነው ያዩት። ያስታውቃል። ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ፣ አንገቱ ላይ ብሎን የተሰካበት፣ እያጉረመረመ የሚንገዳገደው ፍጡር በ1931 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ቦሪስ ካርሎፍ ከተወነበት ፊልም የመጣ ነው። የመጽሐፉ ፍጡር ይናገራል። እንዴት አድርጎ ነው የሚናገረው ደግሞ! ይከራከራል፣ ያስረዳል፣ ይለምናል፣ መጽሐፍ ጠቅሶ ይሞግታል። ድምፁን የቀማው ፊልም ብቻም አይደለም። በ1823 ታሪኩ ለንደን ውስጥ ቲያትር ሆኖ ሲቀርብ ያኔውኑ ፍጡሩን ዲዳ አድርገውት ነበር። የተዋንያኑ ዝርዝር ላይም የእሱ ስም በሚገባበት ቦታ የታተመው ሰረዝ ብቻ ነው። ደራሲዋ ሜሪ ሼሊ ቲያትሩን ሄዳ አይታዋለች፣ የሰረዟን ነገርም ወዳዋለች፤ መጽሐፏም ውስጥ ቢሆን ፍጡሩ ስም የለውምና። የእኛ ሰው «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» ይላል። ይሄኛው መልኩም ከፋ፣ በስም የሚደግፈውም አጣ። ቪክቶር ሰይጣን፣ አውሬ፣ ርጉም እያለ ነው የሚጠራው። እኛ ደግሞ እስከ ዛሬ የአሳዳጁን ስም ለጥፈንበት «ፍራንከንስታይን» እንለዋለን።

ይህን ያነሳሁት ለዕውቀት ያህል አይደለም። ድምፁ ሲወሰድበት የሚቀረው መልኩ ብቻ ስለሆነ ነው። መጽሐፉን ስናነብ ግን መልኩን አናይም፣ የምንሰማው ንግግሩን ነው። ታሪኩ ውስጥ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አሉ፣ ዴ ላሲ የሚባሉ። ፍጡሩን እንደ ሰው አስቀምጠው ያነጋገሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ፊትህን አይቼ መፍረድ አልችልም፣ አነጋገርህ ግን እውነተኛ መሆንህን ይነግረኛል ይሉታል። ሜሪ ሼሊ አንባቢውን ያስቀመጠችው እሳቸው ወንበር ላይ ነው። እዚያ ተቀምጠን እያለን «መልኩ ያሳብቅበታል» ማለት ያሳፍራል።

እስቲ መጽሐፉ ራሱ ምን እንደሚል ልንገራችሁ። ቪክቶር ኢንጎልሽታት የሚባል የጀርመን ከተማ ውስጥ ተማሪ ነው። ሁለት ዓመት ያህል እንቅልፉን አጥቶ ፍጡሩን ሠራ። ቁመቱን ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ አደረገው፤ ትንንሾቹ የሰውነት ክፍሎች ሥራውን ስላጓተቱበት ነው ግዙፍ ያደረገው። አካላቱንም ያማሩትን እየመረጠ ነው የገጣጠመው። ጥቁር የሚያብረቀርቅ ጸጉር፣ ዕንቁ የመሰለ ጥርስ። ከዚያ ፍጡሩ ዓይኑን ሲገልጥ፣ ቢጫውን ቆዳና ጥቁሩን ከንፈር ሲያይ፣ ዘንግቶት የኖረው አስቀያሚነት በአንዴ ታየውና ጥሎት ሮጠ። ፍጡሩ ምን አደረገ? አልጋው ድረስ መጥቶ እጁን ዘረጋ፣ ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበር። ቪክቶር ግን ዳግመኛ ሮጦ ወጣ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማንም አልተገደለም፣ ማንም አልተነካም። ከመጀመሪያውም ክፉ ነበር የምትሉ፣ ይህን ገጽ እባካችሁ ድገሙት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ደግሞ ተመልከቱ። ጫካ ለጫካ ተንከራትቶ አንዲት ጎጆ አጠገብ ተደበቀ፣ ዴ ላሲና ልጆቻቸው የሚኖሩባት ጎጆ። በግድግዳው ስንጥቅ እያያቸው ቋንቋ ተማረ። መጀመሪያ ከምግባቸው ይሰርቅ ነበር፤ ድሆች መሆናቸውንና እሱ ሲወስድባቸው እነሱ እንደሚራቡ ሲገባው ተወው። የዱር ፍሬና ሥራሥር እየበላ ኖረ። ሌሊት ሌሊት እየወጣ እንጨት ይለቅምላቸዋል፣ በረዶውን ከደጃቸው ይጠርግላቸዋል። ማን እንዳደረገው አያውቁም። አንድ ቀን ልጆቹ ሲወጡ ጠብቆ ሽማግሌውን አነጋገራቸው፤ ነገሩ እየሰመረለት እያለ ልጃቸው ፊሊክስ ደረሰና በዱላ ደበደበው። ፊሊክስን በአንድ እጁ መበጣጠስ ይችል ነበር። እጁን አላነሳም። ተነስቶ ሄደ። በኋላ ወንዝ የወሰዳትን ልጃገረድ ዘሎ ገብቶ አወጣት። ምስጋናው ጥይት ሆነ።

እዚህ ላይ ስለራሴ ትንሽ ብናገር ደስ ይለኛል፣ ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሚያመኝ እንዲገባችሁ። አክስቴ በልጅነቷ ኩራዝ ተገልብጦባት ግማሽ ፊቷ ተቃጥሏል። ታክሲ ስትገባ መጨረሻ ላይ የሚሞላው ወንበር ከጎኗ ያለው ነው። በስልክ ብቻ የሚያውቋት ሰዎች ግን እንዴት ያለች ተጫዋች፣ እንዴት ያለች ደግ ሴት እያሉ አድናቆታቸው አያልቅም። የእኔ አክስት ማንንም አልጎዳችም፣ ከፍጡሩ ጋርም አላወዳድራትም። ግን አንድ ሰው «መልኩ ያሳብቅበታል» ብሎ በጋዜጣ ሲጽፍ፣ እኔ ያንን ባዶ ወንበር ነው የማየው።

መጽሐፉ ራሱም ሲወጣ እንዲሁ ነው የተፈረደበት። በ1818 ለንደን ላይ ሲታተም የደራሲው ስም አልነበረበትም። አምስት መቶ ቅጂ ብቻ ነበር። ስኮትላንዳዊው ደራሲ ዋልተር ስኮት በአድናቆት ጻፈለት፤ ደራሲው የሜሪ ባል ገጣሚው ፐርሲ ሼሊ ነው ብሎም ገመተ። ሌላ ትልቅ መጽሔት አስቀያሚና የማይረባ ቅዠት ነው ብሎ አጣጣለው። አንዱ መጽሔት ደግሞ ደራሲዋ ሴት መሆኗን ሰምቶ ኖሮ፣ ይሄ ጥፋቱን ያባብሰዋል አለ! ልጅቷ ታሪኩን ጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ መጻፍ ስትጀምር ገና 18 ዓመቷ ነበር። ስሟ መጽሐፉ ላይ የወጣው በ1823 ሁለተኛው እትም ላይ ነው። ያኔም ስለ መጽሐፉ ከመናገር በፊት ሰዎች የሚያዩት ማን እንደጻፈው ነበር።

አሁን ወደ ግድያው ልምጣ፣ ይህን ዘልዬ ባልፍ ክርክሬ ውሸት ይሆናል። ፍጡሩ የቪክቶርን ትንሽ ወንድም ዊልያምን ገድሏል። ሕጻን ነው። ሕጻን መልክ አይጠላም ብሎ አምኖ ነበር የቀረበው፣ ልጁ ግን ጮኸ፣ ጭራቅ አለው፣ የአባቱን ስም ጠራ፣ ፍጡሩም አንቆ ገደለው። ከዚያ የልጁን አንገት ጌጥ የተኛች ሠራተኛ፣ ጀስቲን፣ ልብስ ውስጥ ከተተ። ጀስቲን ባልሠራችው ተሰቀለች። ለእኔ ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው፤ ዊልያምን በንዴት ገደለው እንበል፣ ጀስቲንን ግን አስቦበት ነው። በኋላም የቪክቶርን ጓደኛ፣ ቀጥሎም ሙሽራውን ኤልሳቤጥን ገደለ። ማኅበረሰቡ ነው ያበላሸው ብላችሁ ይህን ሁሉ ለምታጥቡለት አንባቢዎች አልስማማም። እሱ ራሱም አላጠበውም።

ግን ጀስቲን ስትሰቀል እውነቱን የሚያውቅ ሌላ ሰው ነበር። ቪክቶር። ገዳዩ ማን እንደሆነ በልቡ ያውቅ ነበር፣ እብድ ይሉኛል ብሎ ዝም አለ። ለዚህ ዝምታው ስንቶቻችሁ ፈረዳችሁበት? አንድም አላየሁም። ቆንጆ ነው፣ የተማረ ነው፣ የጨዋ ቤት ልጅ ነው፣ ሥቃዩን በሚያምር ቋንቋ ይተርካል፤ እናም እናዝንለታለን።

ብዙዎቻችን ይህን ክርክር የምናየው በበላዔ ሰብ ታሪክ ዓይን ይመስለኛል፣ ከአስተያየት ሰጪዎቹም አንዳንዶቹ አንስተውታል። ታሪኩን የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረት ስትነግሥ እየሰማን ነው ያደግነው። የቅምሩ ሰው የገዛ ቤተሰቡን ሳይቀር 78 ነፍስ በላ። ከዚያ አንድ መላ ሰውነቱ የቆሰለ ድሃ አግኝቶ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጠው፣ በሚዛኑ ላይም ያቺ ጥርኝ ውሃ ደፋች። በታሪኩ ላይ የሃይማኖት ክርክር እንዳለ አውቃለሁ፣ እሱ ውስጥ አልገባም። አንዱ አንባቢ «በላዔ ሰብ ከዳነ ፍጡሩም ይድናል» ብለዋል። ጥሩ ነው። እኔ የምጨምረው ግን አለ። በላዔ ሰብ መጀመሪያ በላ፣ መጨረሻ ላይ ውሃ ሰጠ። ፍጡሩ ውሃውን የሰጠው መጀመሪያ ነው። እንጨቱ፣ በረዶው፣ ከወንዝ ያወጣት ልጅ፣ ሁሉም ከግድያው በፊት ነው። የሚመዝንለት ሰው ነው ያጣው።

መዳኛ መንገዱንም ራሱ ነው የለመነው። ቪክቶርን ተራራ ላይ አግኝቶት፣ ደግ ነበርኩ፣ መከራ ነው አውሬ ያደረገኝ፣ እንደ እኔ ያለች አንዲት ጓደኛ ፍጠርልኝና ከሰው ዓይን ርቀን ደቡብ አሜሪካ በረሃ እንገባለን አለው። ቪክቶር እሺ ብሎ ጀመረ። ስኮትላንድ ውስጥ አንዲት ደሴት ላይ ሊጨርሳት ሲል፣ ፍጡሩ በመስኮት እያየው፣ በጣጠሳት። ፍርሃቱ መሠረት አልነበረውም አልልም፤ ቢዋለዱስ፣ እሷ ባትስማማስ ብሎ አስቧል። ግን ይህን ከመጀመሪያው ሲፈጥር ነበር ማሰብ የነበረበት፣ ቃል ከገባ በኋላ ሌላ ሰው ተስፋ አድርጎ ቆሞ እያየው አይደለም።

አሁን መጨረሻው። ፍጡሩን እያሳደደ የሄደው ቪክቶር በሰሜን ዋልታ በረዶ ላይ፣ ዋልተን የሚባል አሳሽ መርከብ ውስጥ፣ ሊሞት ነው። ያለፈ ሥራዬን መረመርኩ፣ የሚያስወቅሰኝ ነገር አላገኘሁም ይላል። ወንድሙ፣ ጀስቲን፣ ጓደኛው፣ ሚስቱ፣ በሐዘን የሞቱት አባቱ፣ ሁሉም አልቀው እንዲህ ይላል። ከዚያ ፍጡሩ ይገባል። አስከሬኑ ላይ አጎንብሶ ያለቅሳል። ይቅር በለኝ ይለዋል፣ አሁን መጠየቄ ምን ይረባል እያለ። ማንም ከሚጠላኝ በላይ ራሴን እጠላለሁ ይላል። የገደላቸውን ሁሉ አልገደልኩም አላለም፣ በማንም ላይ አላላከከም፤ በእኔ ላይ ግን የሰው ዘር በሙሉ ሲበድል ወንጀለኛው እኔ ብቻ ነኝ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ፊሊክስንስ፣ ልጄን አዳንክልኝ ሊለኝ ሲገባ የተኮሰብኝንስ ማን ጠየቀው ይላል። መልስ የሚሰጠው የለም።

ንስሐ የምንለው ነገር በዚያ መርከብ ላይ ከማን አፍ ወጣ? እኔ ያነበብኩት መጽሐፍ ውስጥ ከአስቀያሚው አፍ ነው የወጣው። መልከ መልካሙ ያለ ንስሐ ሞተ፣ አንባቢም ያለ ንስሐ ይቅር አለው።

ዝግጅት ክፍሉ ሌላ ዙር አስተያየት የሚቀበል ከሆነ አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ጸሐፊዎቹ መጽሐፉን ማንበብ አለማንበባቸውን እንዲናገሩ ጠይቁልን። ቪክቶር ተጠያቂ አይደለም ብሎ ከልቡ የሚያምን አንባቢ ካለ ደግሞ ይጻፍልኝ፣ ግን የጀስቲንን ፍርድ ቤት ምዕራፍ ሳይዘል። መልሱን ማንበብ እፈልጋለሁ።

አክባሪያችሁ
የጋዜጣው የቆየ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ